የነዋሪነት ዘጠና ቀን

ሴፕቴምበር 5፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እዚህ ሚኒሶታ የምትኖረው ልጄ ካሪን ናት። «እማ፣ ለሰው የማትነግሪውን እዚህ ጻፊው» አለችኝ። ለሰው የማልነግረው ነገር የለኝም አልኳት። ገና ከመነሻው ዋሸሁ ማለት ነው።

እሺ፣ ልጻፈው። ቨርንን ይዤ ከትንሿ ከተማችን ከዴልቪን ከወጣን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ከሳውዝ ዳኮታ ተነስተን ሚኒሶታ እስክንገባ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ፣ ባሌ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የኦክስጅኑ ማሽን ብቻ ሲያንጎራጉር መጣ። የተከራየነው ቤት ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። አንድ መኝታ ቤት አለው፤ ደረጃ የለውም። ሌላ ምን እንፈልጋለን?

ዶክተሯ ማክሰኞ ዕለት ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ነገረችኝ። አርባ ዓመት በእህል አቧራ ውስጥ የሠራ ሰው ሳንባ ነው፤ ደርቋል። የበረዶውን ወራት ይዘልቃል ብላ አትጠብቅም። ዴልቪን መመለስ አይታሰብም፤ እዚያ ቅርብ የሚባለው ሆስፒታል አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። «ለባለቤትዎ እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ?» አለችኝ። «እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት። አልነገርኩትም።

ከዚያ ደግሞ የእርዳታ ቢሮው አለ። ማሽኑንና ቤት ድረስ የምትመጣውን ነርስ ስቴቱ የሚሸፍነው ለነዋሪው ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት «ከመቼ ጀምሮ ነው ነዋሪ የሆኑት?» ስትለኝ «ከዛሬ» አልኩ። «እዚሁ ለመኖር አስበው ነው?» «አዎ» ብዬ ፈረምኩ። ቨርን ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ዊልቸሩ ላይ መጽሔት ይገላልጥ ነበር። አልሰማም።

ማታ «መቼ ነው ወደ ቤት የምንመለሰው?» አለኝ።

«በረዶ ሳይጥል» አልኩት።

ሴፕቴምበር 9፣ ሰኞ

ሮንዳ ከኢንሹራንስ ቢሮዬ ደወለች። «አርሊስ፣ እንዳልረሳሽ ብዬ ነው። አድራሻሽን ለማሳወቅ ሠላሳ ቀን፣ በአዲሱ ስቴት የነዋሪ የወኪልነት ፈቃድ ለማመልከት ዘጠና ቀን።» ለእኔ! ከሁለተኛ ደረጃ እንደወጣች ወስጄ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዘጠናው ካለፈ ፈተናውን እንደ ጀማሪ ከሀ ብሎ መቀመጥ ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ከኮሌጅ ልጆች ጋር!

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ማወቁንማ ታውቂያለሽ። ስትቀይሪ ኩባንያው ለደንበኞችሽ በሙሉ ደብዳቤ እንደሚልክም ታውቂያለሽ። ለቨርን ቀድመሽ ንገሪው፤ ከሌላ እንዳይሰማ።»

ነገሩ ይኸው ነው። የኢንሹራንስ ወኪል እንደፈለገ በብዙ ስቴት መሥራት ይችላል፤ አገሬ ብሎ የሚያስመዘግበው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሚኒሶታን ካልኩ በዴልቪን «ነዋሪ ያልሆነች» ነው የምባለው። ደብዳቤው አራት መቶ ቤት ይገባል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይወራል። የቨርን ወንድም ሎይድ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሳይደውል አይውልም። ስለዚህ ለመንግሥት መንገር ማለት ለቨርን መንገር ማለት ነው።

ዘጠናው ቀን የሚያልቀው ዲሴምበር 2 ነው፤ ገና ብዙ ጊዜ አለ።

ሴፕቴምበር 17

ደንበኛዬ ሽማግሌው ጌሪት ደወሉ። ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆኜ አነሳሁ።

«አርሊስ ልጄ፣ ትራክተር ገዛሁ። ዕድሜዬን እንዳትጠይቂኝ።»

«ሰማንያ ሁለት ነዎት። ፋይልዎ ላይ አለ።»

«ለትራክተሩ እንዳትነግሪው እንጂ! ለእሱ ስድሳ ነው የመሰልኩት። ለመሆኑ የት ጠፋሽ? ቢሮ ብመጣ ሮንዳ ብቻዋን። ሰው ስታስተናግድ ኩኪስ እንኳ አታቀርብም።»

«ቨርንን ለማሳከም ወጣ ብለን ነው። እንመለሳለን።»

ሚስታቸውን ለሕክምና በዚሁ መንገድ ያመላለሱ ሰው ናቸው። «እንግዲህ በርቺ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ስለ ትራክተሩ መልሰው አልጠየቁኝም፤ ኢንሹራንሱን ለሮንዳ አስተላለፍኩላት።

ሴፕቴምበር 26

የልደቴ ወር ስለሆነ የፈቃድ ማደሻዬ ደረሰ። ኮምፒዩተሩን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ «የመኖሪያ አድራሻ» የሚለው ጋ ደረስኩና እጄ በልማድ የዴልቪኑን ቤት ጻፈው። በልማድ ነው ብዬ እዚህ መጻፌም አሳፋሪ ነው። አስቤበት ነው። ለሆስፒታሉ የሚኒሶታ ነኝ፣ ለፈቃዱ የዴልቪን ነኝ። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ሳይ ስንቴ ፊቴን አዙሬያለሁ!

ቨርን ከአልጋው «ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ።

«ፈቃዴን እያደስኩ።»

«የዴልቪኑን?»

«ታዲያ የቱን ላድስ ኖሯል?»

ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩት። «ጥሩ» አለና ወደ መስኮቱ እንዳዞረው ጠየቀኝ። መስኮቱ የሚያሳየው የቆሻሻ ገንዳ ነው። ግማሽ ሰዓት አየው።

ኦክቶበር 4

ሠላሳው ቀን ትናንት አለፈ። ምንም አልሆነም። ቤቱ እንዳለ ነው፣ ሰማዩ እንዳለ ነው። ሰው ሕግ መጣስ የሚለምደው እንዲህ ነው መሰለኝ።

የቨርን ክብደት ሁለት ኪሎ ቀንሷል።

ኦክቶበር 13፣ እሁድ

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የቨርንን ድምፅ ሰማሁ፤ እየቆራረጠ፣ «ተያት። እሷ እስክትችለው እጠብቃለሁ» ይላል። ካሪን ደግሞ «አባ፣ ጊዜው እኮ…» አለች። በሩን ስገፋው ሁለቱም ዝም። ካሪን ዓይኗ ቀልቷል፤ ጉንፋን ይዞኛል አለች።

ስለ ዊልቸሩ መሆን አለበት። መኪና ላይ ሳነሳው ወገቤን እየሰበረኝ እንደሆነ ያውቃሉ።

ሎይድ እንደ ልማዱ ደወለ። ዴልቪን በቆሎው እየታጨደ ነው። ቨርን ስልኩን ዘግቶ ሲያበቃ «መቼ ነው ወደ ቤት የምንመለሰው?» አለ። «አጨዳው እንዳለቀ» አልኩት። ፈገግ ብዬ ነው የነገርኩት። ያቺን ፈገግታ ለማምጣት ምን እንደሚያስከፍለኝ እሱ የት ያውቃል!

ኦክቶበር 21

ተያዝኩ።

ከዴልቪን ስንወጣ ፖስታ ቤት ሄጄ ደብዳቤዎቻችን እዚህ እንዲላኩ አስመዝግቤ ነበር። ሒሳብ እንዳይጠፋ፣ የቨርን ቀጠሮ እንዳይጠፋ ብዬ። የሳውዝ ዳኮታ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ፖስታ ግን ወደ ሌላ አድራሻ አይላክም፤ ባለቤቱ ለቆ ከሆነ ይመለስልን የሚል ታትሞበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳየው የኖርኩት ጽሑፍ! የታደሰውን ፈቃድ ወደ ዴልቪኑ ቤት ላኩት። ፖስታ ቤቱ የአሁኑን አድራሻዬን የያዘች ቢጫ ወረቀት ለጥፎ መለሰላቸው። ራሴን በራሴ ጠቆምኩ።

አሁን ከእነሱ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። መኖሪያዎ የት እንደሆነ በሃያ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስረዱ ይላል።

ስንቱን ደንበኛ «ቤት ስትለቁ ሁሉንም ቦታ በአንድ ቀን አስታውቁ» ብዬ መክሬያለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን የዳቦው መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት። ቨርን ከእንግዲህ መሳቢያ አይከፍትም።

ኦክቶበር 24

መልሱን አራት ጊዜ ጀመርኩ። «በጊዜያዊነት…» ሰረዝኩት። «በባለቤቴ ሕመም ምክንያት ለአጭር ጊዜ…» ይህንንም ሰረዝኩት። ውሸቱ አይደለም የከበደኝ። «ለአጭር ጊዜ» የሚለውን ስጽፍ ስለ ስቴቱ እንዳልሆነ እጄ አወቀው።

ኖቬምበር 3

ቨርን አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ዛሬ ወጣን። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ነርሷ ኦክስጅኑን ከፍ አደረገችው፤ ከዚህ በላይ ከፍ የሚል የለውም።

አልጋ ላይ ሳጋድመው «ወደ ቤት…» ብሎ ጀመረና ሳል ያዘው። ስላልጨረሰው ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

ሁለት ቀን ሲቀረኝ ለፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት በድምጿ ከእኔ የምትበልጥ ናት። ረጅም ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ቤቱ ገና አልተሸጠም፣ ዕቃችን እዚያ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን አባልነታችን እዚያ ነው፣ የመቃብር ቦታችንም እዚያ ነው እያልኩ አወረድኩት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«እመቤት፣ ማታ ማታ የሚያድሩት የት ነው?» አለችኝ።

«ባሌ ያለበት።»

«እሱስ የት ነው?»

ነገርኳት።

«እንግዲያው እሱኑ ይጻፉ» አለች። ቆጣ ብላ አይደለም። «ለዘገየው አንድ ማስጠንቀቂያ ይመዘገብብዎታል፤ ከዚያ አያልፍም። የሚኒሶታውን ማመልከቻ ግን ከዲሴምበር 2 አያሳልፉት። እዚያ ባመለከቱ ዕለት የእኛ ወደ ነዋሪ ያልሆነ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ይመጣልኛል።»

ጻፍኩት። ሦስት መስመር ነው። ከሴፕቴምበር 3 ጀምሮ የምኖረው እዚህ ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ አመለክታለሁ። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከጣልኩት በኋላ ሳጥኑን ይዤ አለቀስኩ። አንድ ሰውዬ ውሻውን እየጎተተ አለፈ። ውሻው ቆሞ አየኝ።

ማመልከቻው ግን ሃያ አራት ቀን አለው።

ኖቬምበር 17

አሥራ አምስት ቀን። ሮንዳ መልእክት ላከች። አልመለስኩላትም።

ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ቨርን» አልኩት። «ወይ» አለ። ዓይኖቹ ትልልቅ ሆነዋል፣ ወይም ፊቱ አንሷል። «ሾርባ ይሙቅልህ?» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝና «ይሙቅልኝ» አለ። ሁለት ማንኪያ ነው የጠጣው።

ፈሪ ነኝ። ሰው ቤቱ ተቃጥሎበት ሲመጣ «ይህ አልተሸፈነም» ብዬ ፊት ለፊት የምነግር ሴት ነኝ። ለገዛ ባሌ አፍ የለኝም።

ኖቬምበር 28፣ የምስጋና ቀን

ቨርን ካሪን ቤት መሄድ አልቻለም። እሷ ተርኪውንና የዱባ ፓዩን በሳህን ይዛልን መጣች። ቨርን ሽታውን ብቻ በላ። በረዶው ከጠዋት ጀምሮ እየጣለ ነው፤ የቆሻሻ ገንዳው እንኳ ነጭ ለብሶ አምሯል።

«መቼ ነው ወደ ቤት የምንመለሰው?»

«በረዶው ሲቀልጥ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ካሪን ተሯሩጣ ጀርባውን ያዘችው። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ መጀመሪያ ሳይጥል ብለሽ ነበር» አለኝ። ካሪን ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃውን ከፍታ ብዙ ቆየች።

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፍ፤ ነገ እንዳልረሳው።

ጠዋት ፊቱን ላጭቼው ስጨርስ ፎጣውን ከእጄ ያዘና፣ «ለፈቃድሽ ስንት ቀን ቀረው?» አለኝ።

«የምን ፈቃድ?»

«አርሊስ።» ስሜን ሲጠራው ሁሌም ነገር አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ራት ላይ ሠላሳና ዘጠና እያልሽ ለእኔ አይደል የምታጠኚው? ሴፕቴምበር 3 ፈረምሽ። ቆጥሬዋለሁ። ሰኞ ያልቃል።»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ሰምተህ ነበር?»

«የእርዳታ ቢሮዋ ሴትዮ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው። መጽሔቱንም ገልብጬ ነው የያዝኩት፤ አላየሽም።» ትንፋሽ ወሰደ። «ዶክተሯም ነግራኛለች። እኔው ነኝ የጠየቅኳት። ካሪንም ታውቃለች።»

«ታዲያ በየቀኑ መቼ ነው የምንመለሰው እያልክ ለምን ገደልከኝ?» ጮህኩበት። በሚሞት ሰው ላይ ጮህኩ።

እሱም ደነገጠ። እውነቱን ነው፣ ደነገጠ። «ስጠይቅሽ ፈገግ ትያለሽ እኮ» አለኝ። «በቀን አንዴ ፈገግ የምትይው ያኔ ብቻ ነበር። ተስፋውን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ ብዬ…» መጨረስ አቃተው። መጨረስም አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ ሁለታችንም ስናለቅስ ቧንቧው ከአፍንጫው ወለቀ። መልሼ አስገባሁት። «በይ ኮምፒዩተሩን አምጪው» አለ።

ማመልከቻውን አልጋው ላይ አብረን ሞላነው። እያነበብኩ እጠይቀዋለሁ፣ እንደ ደንበኛ ይመልሳል። ከአሁን በፊት ፈቃድ ተነጥቀው ያውቃሉ? «መነጠቅስ ሲያንስሽ ነበር» አለ። ማስጠንቀቂያ? «አላት፤ የፖስታ ቤት ሌባ ናት።» የነዋሪነት ቀን የሚለው ጋ ስንደርስ እሱ ነው የነገረኝ፦ «ሴፕቴምበር 3።» ጻፍኩት። የመጨረሻውን ቁልፍ ጣቱን ይዤ አብረን ተጫንነው።

ሎይድ ከሰው እንዳይሰማው እኛው ደወልንለት። ቨርን «እንግዲህ ሚኒሶታዊ ሆኛለሁ፤ የእግር ኳስ ቡድናችሁን ከድቻለሁ» አለው። ሎይድ ሳይስቅ ቀረ።

ዲሴምበር 1፣ እሁድ

ቀኑን ሙሉ አወራን። ሦስት ቃል ይናገራል፣ ያርፋል፣ ሦስት ቃል። ዴልቪን ውሰጂኝ፣ እናትና አባቴ አጠገብ አለኝ። ሰማያዊውን ሱፍ አታልብሺኝ፣ አንገቴን ያንቀኛል አለ። እዚህ ከካሪን አጠገብ ሁኚ፤ ያንን ትልቅ ቤት ብቻሽን አታሞቂው አለኝ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አባቱ ይመታው እንደነበር አላወቅኩም ነበር። ዛሬ ነገረኝ።

ለምን በሴፕቴምበር አልጀመርንም?

ዲሴምበር 3

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ካሪንና እኔ ነበርን።

ዲሴምበር 9

ቀበርነው። ዴልቪን አፈሩ በርዶ ስለነበር በማሽን ነው የተቆፈረው። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ እንደተለመደው የካም ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ ነበር። ኩባንያው ማመልከቻዬ እንደገባ ሰኞ ዕለት ነው ደብዳቤውን የላከው፤ ሁሉም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ማንም አላነሳውም፤ ሰዉ ጨዋ ነው። ጌሪት ብቻ ሳህናቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ነዋሪ አይደለችም ይላል ወረቀቱ።»

«አይደለሁም።»

«ወረቀት ነው እንግዲህ።» ሳንድዊቻቸውን ገመጡ። «የትራክተሩን ኢንሹራንስ ከአንቺ አልወስደውም ግን። ለሮንዳ ነግሬያታለሁ፤ ከየትም ትደውል፣ የምፈልገው ወኪል እሷን ነው ብዬ።» ሲነሱ ትከሻዬን ያዙ። «እኔ ለሚስቴ ሳልነግራት ነው የሄደችው» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ዲሴምበር 18

የሚኒሶታው ፈቃድ ዛሬ ጸደቀ። አርሊስ ሆቪንግ፣ ነዋሪ። ፈተና አያስፈልገኝም። የዴልቪኑም ነዋሪ ላልሆነ በሚሰጠው ተተክቷል፤ ደንበኞቼ አልጠፉብኝም። ከሥራው በኩል ያጣሁት ነገር የለም።

ቆጠርኩት። ለስቴቱ የት እንደምኖር እንድነግረው ዘጠና ቀን ነበረኝ። ያው ዘጠና ቀን ለባሌም ነበረኝ። ሰማንያ ሰባቱን አንዳችን ለሌላችን ስናስመስል ፈጀነው።

አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። በዚያ የመጨረሻ ሰኞ ማታ፣ በዘጠናው ቀን ማብቂያ፣ ቨርንን ትፈራለህ ወይ አልኩት። እስከዚያች ሰዓት ደፍሬ አልጠየቅኩትም ነበር። «አሁን አልፈራም» አለኝ። ከዚያ በፊትስ ምን ነበር የምትፈራው አልኩት። ትንፋሹ እስኪመለስለት እጁን ይዤ ጠበቅኩ።

«ሳትነግሪኝ እንዳልሞት» አለኝ።